ባዶ የተገኙ ጠረጴዛዎች

አባቴ ያነሳውን ዕቃ ሳይመልስ ተኝቶ አያውቅም ነበር። መቀሴን ወስዶ ጥፍሩን ከቆረጠ መቀሱ ወደ ሚስማሩ ይመለሳል። ሻይ ከጠጣ ኩባያው ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ እጀታው ወደ ግድግዳው ዞሮ ይገኛል። ዕድሜውን የጨረሰው በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን አስረከበ እንጂ ግምጃ ቤቱ ከውስጡ አልወጣም። ባለቤቴ አውቶቡስ ነጂ ነው። ማታ ደክሞት ገብቶ ጫማውን ደጃፍ ላይ ሲወረውረው ጠዋት የሚያገኘው ተወልውሎ፣ ግራና ቀኙ ተስተካክሎ አልጋ ሥር ነው። "አማቼ ቤቱን ከነነፍሴ ተረከቡኝ" እያለ ይስቃል። አንዳንዴ ግን ሳቁ ጥርስ የተነከሰበት ነበር፤ እኔ ሚስቱ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

እናቴ ስትሞት ነው ከእኛ ጋር ሊኖር የመጣው። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። የፊተኛዋ ቀን ቀን የልብስ ስፌት ሱቄ ናት፣ ሲመሽ የስፌት መኪናዬ ተሸፍኖ የአባቴ መኝታ ትሆናለች። ደንበኞቼ ሴቶች ናቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ ያወልቃሉ፣ ይለካሉ፣ ስለ ወገባቸው ያማርራሉ፣ ባሎቻቸውን ያማሉ። ሽማግሌ ሰው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል? እነሱም ያፍራሉ፣ እሱም ያፍራል። ማንም ሳይነግረው ገና የመጀመሪያዋ ደንበኛ ስትገባ ኮፍያውን አንስቶ መውጣት ጀመረ። ወዴት እንደሚሄድ ስጠይቀው "ነፋስ ልቀበል" ይለኛል። አንድ ቀን ክር ልገዛ ስወጣ ሰፈራችን ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አውቶቡስ ይመጣል፣ ሰው ይሳፈራል፣ አባቴ ግን ንቅንቅ አይልም። አንጀቴን በላው። እንዳላየሁት ሆኜ በሌላ መንገድ ዞርኩ፤ ምን ብዬ ላናግረው?

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ያስገባው ዝናብ ነው። ከማቆሚያው ፊት ለፊት ያለች፣ ድሮ የሰው መኖሪያ የነበረች አንዲት ጠባብ ቤት ናት። ከፊት ያለው ክፍል ሰው መጽሐፍ የሚዋስበት ነው፤ ጥጉ ላይ ሥራ ፈላጊዎች ተራ ይዘው ማመልከቻ የሚጽፉባቸው ኮምፒውተሮች አሉ፣ እንደ አስም በሽተኛ የሚስል የፎቶ ኮፒ ማሽን አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለው ተረት ይነበብላቸዋል። ከኋላ ያለው የንባብ ክፍል ነው። አራት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ሰፋፊ መስኮቶች፣ እንደ ጡብ የከበዱ መጻሕፍት። ሕግ፣ ሕክምና፣ ካርታ፣ መዝገበ ቃላት። እነዚህ በውሰት አይወጡም፤ እዚያው ተነብበው እዚያው ይቀራሉ።

ያን ቀን ማታ አባቴ ልብሱ ረጥቦ፣ ፊቱ ግን በርቶ ገባ። በየመጽሐፉ ጀርባ ላይ ቁጥር መለጠፉን፣ ቁጥሩም መደርደሪያውን፣ መደርደሪያውም ረድፉን እንደሚናገር በእጁ እያሳየ ነገረን። "እዚያ ቤት አድራሻ የሌለው ዕቃ የለም" አለ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ምግቡን ጠርጎ ሲበላ ያየሁት ያን ማታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራ እንደሚገባ ሰው ሆነ። ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን ወልውሎ ይወጣል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ ይመጣል። ትልቁን የካርታ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያነበው ነበር፤ አዎ፣ ካርታ እንደ ልብ ወለድ ያነባል። ማታ እራት ላይ ባሕር የሌላቸውን አገሮች ስም ይቆጥርልናል፣ ባለቤቴም "እኔ የማውቀው የመስመሬን ማቆሚያዎች ብቻ ነው" እያለ ያሾፍበታል። ቤታችን ሰላም አገኘ። እኔም ደንበኞቼን ያለ ሐሳብ እለካ ጀመር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በዚያ የንባብ ክፍል ውስጥ ሰዎች ያነበቡትን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ትተው ይሄዳሉ። ለዚህም በየጠረጴዛው ላይ "ያነበቡትን መጽሐፍ እባክዎ እዚሁ ይተዉት" የሚል ትንሽ ካርቶን ቆሟል። ለምን እንደሚተው ግን ካርቶኑ አይልም። አባቴ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። ሰውን ስንፍና ማስተማር ነው አለ፤ ያነሳነውን ሳንመልስ ብንሄድ በእኛ ጊዜ ከሥራ እንባረር ነበር አለ። መጀመሪያ የራሱን ብቻ ይመልስ ነበር። ቀጥሎ የጎረቤቱን። ከዚያ መዝጊያ ሰዓት ሲቃረብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይነሳና ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ ይዞራል፤ መጻሕፍቱን ሰብስቦ፣ ቁጥራቸውን አይቶ፣ በየቦታቸው ያስገባል፣ ጠረጴዛውንም በመሐረቡ ያብሳል። ሰዎቹ ሽማግሌ ሲያነሳላቸው አፈሩ፣ ራሳቸው መመለስ ጀመሩ። ነርስነት የሚማሩት ልጆች መለሱ። የሌሊት ተረኛ የሆነውና ጠዋት ከሥራ ሲወጣ ስለ ከዋክብት እያነበበ የሚያንቀላፋው ዘበኛም መለሰ። ለአባቴ "ጋሼ በቦታው" የሚል ስም አወጡለት፤ ሁሉ ነገር በቦታው ስለሚል ነው። ካርቶኖቹንም ሰብስቦ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጣቸው። የእነሱ ቦታ እዚያ ነው አለ፤ ማንም አልተቃወመውም።

በተለይ አቶ ቆይ አልተቃወመም። አቶ ቆይ የንባብ ክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ ስሙን ያገኘው ለጠየቁት ሁሉ "ቆይ" እያለ ነው። መጽሐፍ ፈልግልኝ ሲሉት ቆይ፣ መብራት አብራልኝ ሲሉት ቆይ። ማታ ማታ በጠረጴዛዎቹ ላይ የቀሩትን መጻሕፍት ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ሰብስቦ፣ ቆጥሮ፣ ወደ መደርደሪያቸው መመለስ የእሱ ሥራ ነበር። አባቴ ከመጣ በኋላ አቶ ቆይ ከወንበሩ መነሳት ተወ። ጋሪው ጥግ ይዞ ቆመ። ለአባቴ ሻይ ያመጣለታል፣ "እንደ እርስዎ ላለ ሰው ዕድሜ ይስጥልን" ይለዋል፣ አባቴም ይህን ማታ መጥቶ ደጋግሞ ያወራልናል። በዓመቱ ማብቂያ አዲስ የተሾመችው ኃላፊ በፍሬም የተሠራ የምስጋና ወረቀት ሰጠችው። አባቴ መስታወቴ አጠገብ ሰቀለው፤ ደንበኞቼ ደረታቸው ሲለካ ያነቡታል። "ላሳዩት የላቀ አገልግሎት" ይላል። እኔም ኮርቼበት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

ከዚያ ወሬው መጣ። የከተማው ጽሕፈት ቤት የንባብ ክፍሉን ዘግቶ ለአንድ አዲስ መሥሪያ ክፍል ሊሰጠው ነው ተባለ፤ ምክንያቱም መጻሕፍቱን የሚያነብ ሰው የለም። ተጠቃሚዎች እንዲሰበሰቡ ማስታወቂያ በር ላይ ተለጠፈ። አባቴ መጀመሪያ ሳቀ። ሰው አያነብም ያለው እግሩ እዚያ ረግጦ አያውቅም አለ። ቀጥሎ እንቅልፍ አጣ፤ ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው መጋረጃ በኩል ሲገላበጥ እሰማዋለሁ። ባለቤቴ በሹክሹክታ "ከተዘጋ የት ሊውሉ ነው?" አለኝ። የአውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለው።

በስብሰባው ዋዜማ ኮቱን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ገበሩ ተተርትሮ ነበር፣ ቀየርኩለት፤ ጫፉንም አጠፍኩለት። "እኔ ምስክር ነኝ፤ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ" አለኝ። ሱቄን ዘግቼ አብሬው ሄድኩ።

ስብሰባው የተደረገው እዚያው ንባብ ክፍሉ ውስጥ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ሰውዬ ገና ጎልማሳ ነው፤ ትሑት፣ የደከመው፣ ብዙ እንዲህ ያለ ስብሰባ ያየ የሚመስል። እንዲያውም ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የውሰት ክፍሉ ደህና ይሠራል አለ፣ ለኮምፒውተሮቹ ተራ አይገኝም፣ የቅዳሜው የልጆች ንባብ ይቀጥላል። ችግሩ ይህ ክፍል ነው። እዚህ ያሉት መጻሕፍት በውሰት ስለማይወጡ መነበባቸው የሚታወቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ አንባቢ ጠረጴዛ ላይ የተወው መጽሐፍ ማታ ተሰብስቦ ይቆጠራል። በየጠረጴዛው ላይ "እዚሁ ይተዉት" የሚል ጽሑፍ የሚቀመጠው ለዚህ ነው አለ። ይህ ቁጥር ከወር ወር ወርዶ ወርዶ፣ አሁን ቁጥር የሚባል ነገር የለም፤ ጋሪው ባዶውን ነው የሚያድረው። ዘበኛው እጁን አውጥቶ በየቀኑ እንመጣለን እኮ አለ። ሰውዬው መምጣታችሁን አልጠራጠርም አለው፤ ግን ሰው ከዝናብም፣ ከፀሐይም፣ ከቤቱ ጭቅጭቅም ሸሽቶ ይመጣል፣ ወንበር ላይ መቀመጥ ማንበብ አይደለም።

ጠረጴዛው ላይ ዓይኔ አረፈ። የአባቴ መሐረብ ያለፈበት እንጨት ፊቴን መልሶ ያሳየኛል። ካርቶኑ የለም። መጽሐፍ የለም። ወደ አባቴ ስዞር ተነስቶ ቆሟል።

"ልጄ፣ በሥነ ሥርዓት ተናገርክ፤ ግን የነገሩህ ሰዎች ዋሽተውሃል" አለ። ኮቱን ቆለፈ። የግምጃ ቤት ቆጠራ ሲያስረክብ እንዲህ ይመስል እንደነበር ገመትኩ። "እዚህ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚነበብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በእጄ ነዋ የምመልሰው። የሕክምናው መደርደሪያ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ሕጉን ሰዎች ይሻሙበታል። የከዋክብቱ መጽሐፍ ጀርባው የተገነጠለው በመነበብ ብዛት ነው።"

የኮቱን ጫፍ ያዝኩና ሳብኩት፤ ትናንት በእጄ ያጠፍኩትን ጫፍ። "አባዬ፣ ተው ተቀመጥ" አልኩት ቀስ ብዬ። ሕፃን ሆኜ ወሬውን ሳቋርጠው እንደሚያደርገው እጄን ከኮቱ ላይ ነቅሎ ጣለው።

"ታዲያ ማታ በሩ ሲዘጋ" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ጠረጴዛ ላይ የቀረ መጽሐፍ አታይም። አንድም! እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አድሮ አያውቅም። እነዚህም ሁሉ ምስክሮቼ ናቸው።"

ምስክሮቹ ወለል ወለሉን ያያሉ። ኃላፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቶ ቆይ የቁልፎቹን ዘለበት ያገላብጣል። ሰውዬው መጀመሪያ አልገባውም ነበር፤ ሲገባው መነጽሩን አወለቀ። ድምፁን አለሰለሰው፣ እኔን የገደለኝም እሱ ነው።

"አባባ፣ እኔም የያዝኩት ይህንኑ ነው" አለው። "ጠረጴዛዎቹ ሁልጊዜ ባዶ ናቸው የሚለውን።"

አባቴ ሰውዬውን አየው። ከዚያ ጠረጴዛውን። ከዚያ ጥግ ላይ የቆመውን ጋሪ፣ ቀጥሎም ካርቶኖቹን ያስቀመጠበትን ቁም ሣጥን። ዕቃ እንደሚረከብ ሰው አንድ በአንድ እያየ ሄደ፣ ሲጨርስም ተቀመጠ። ዘበኛው ግን እንግዲያው መነበባቸውን ሰማህ አይደል፣ የጋሼን ቃል ይዘህ ሂድ አለው። ሰውዬው ሊሆን ይችላል አለ፣ እንዲያውም አምናቸዋለሁ አለ፤ ነገር ግን ውሳኔው ካለፈ ሳምንታት ተቆጥረዋል። የተሰበሰብነው እንድናውቅ እንጂ እንድንጠየቅ አልነበረም።

ሰው ሲበተን አቶ ቆይን በር ላይ አነቅኩት። እጄ አልነካውም፣ ግን አነቅኩት ነው የምለው። ሥራህ መቁጠር አልነበረም ወይ አልኩት።

"ቆይ፣ ቆይ እህቴ" አለ። "የታዘዝኩት ጠረጴዛ ላይ ያለውን እንድቆጥር ነው፤ ስቆጥር ባዶ ነው፣ ባዶ ብዬ ጻፍኩ። ምን ዋሸሁ? ሽማግሌ ደስ ብሏቸው ሲሠሩ እጃቸውን ልያዝ?"

"አንድ ቃል ብትነግረው ምን ነበረበት?"

"ሻይ ሳላመጣላቸው ቀርቼ አላውቅም" አለኝ።

ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው አይቻለሁ፤ ይኼ ግን ከልቡ ነው የሚናገረው፣ በሻይ የተወራረደ መስሎታል። ደንበኛ ያላት ሴት መናገር የማይገባትን ተናገርኩት። ኃላፊዋ እያለቀሰች መጣች፤ አዲስ ነኝ አለች፣ ነገሩ አልታየኝም አለች። የምስጋና ወረቀቱ ላይ የፈረመችው እሷ ናት። ለእንባዋ የሚሆን ትዕግሥት ያን ቀን አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ደግነቱ ሰው ተስፋ አይቆርጥም፤ ወይም ክፋቱ። ክፍሉ እስኪዘጋ በቀሩት ጥቂት ሳምንታት ካርቶኖቹ ከቁም ሣጥን ወጡ፣ አንባቢውም የደረሰበትን መጽሐፍ ሁሉ እያወረደ ጠረጴዛ ላይ ይከምር ጀመር። ያነበበውንም ያላነበበውንም። ዘበኛው ስለ ንብ ርባታ አምስት መጽሐፍ ከምሮ እንደወጣ ባለቤቴ ነገረኝ፤ አውቶቡሱ ላይ ሲሳፈር ራሱ አውርቶለት ነው። የጋሪው ጎማ ተጣመመ። አቶ ቆይ ላብ በላብ ሆኖ ቆጠረ። ኃላፊዋ ቁጥሩን ላከች፣ መልሱም መጣ፦ በአንድ ጊዜ እንዲህ የሚዘል ቁጥር ቁጥር አይደለም።

አባቴ ይህን ሊያይ አልሄደም። ከስብሰባው በኋላ እዚያ በር አልደረሰም። ክፍሉ ተዘጋ፣ እንደ ጡብ የከበዱት መጻሕፍት በካርቶን ታሽገው የሆነ ቦታ ተወሰዱ፣ ጠረጴዛዎቹም ለአዲሱ መሥሪያ ክፍል ቀሩ። አቶ ቆይም አብሮ ቀረ፤ በዚያው ወንበር ላይ ለባለጉዳይ "ቆይ" ይላል።

አሁን አባቴ የሚውለው ቤት ነው። ደንበኛ ስትመጣ የኋለኛው ክፍል ይገባና የእኛ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሴቶቹ እንዳያፍሩ ሳል እንኳ አያሰማም። የምስጋና ወረቀቱን አውርዶታል። የት እንዳስቀመጠው አላውቅም፤ በዚህ ቤት ቦታውን ያላወቅሁለት የመጀመሪያ ዕቃ እሱ ነው። ከዚያ ግን ሌላው ተከተለ። መቀሴ ሚስማሩ ላይ የለም፤ ስፈልግ አልጋ ላይ አገኘዋለሁ። ጋዜጣው ተዘርግቶ ይውላል፣ መነጽሩ በላዩ። ባለቤቴ ጫማውን ባወለቀበት ቦታ ያገኘዋል። በመጀመሪያው ቀን ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ራሱ አስተካከለው።

ባለፈው ጨርቅ ልዘረጋ ብዬ ጠረጴዛዬን ሳጸዳ የአባቴ ኩባያ ከነ ሻዩ አተላ መሀል ላይ ቁጭ ብሏል። ሳላስበው አንስቼ ወደ መታጠቢያው ዞርኩ። አባቴ ከኋለኛው ክፍል መጋረጃ ጀርባ ሲያየኝ ቆይቷል።

"ተይው" አለኝ።

"ላጥበው ብዬ ነው አባዬ፤ ጨርቅ ልዘረጋ ነው።"

"ተይው ልጄ። እዚህ ሰው እንደነበረ ይታወቅ።"

ኩባያውን ከነበረበት መልሼ አስቀመጥኩ። ጨርቁን አልጋው ላይ ቆረጥኩት።